ቃል መቼ ውል ይሆናል?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የብድርና ቁጠባ ኮሚቴው ያቀረበው ንግግር)



የዛሬው ርእስ የመጣው ከኮሚቴያችን በር ነው። ለምክር ወደ እኛ የሚመጡ አባላት ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ተስማምተን ነበር፤ አሁን ግን ካደችኝ። ምን ላድርግ?» የአንዷ ጉዳይ ለጎረቤት ያበደረችው ገንዘብ ነው፤ የሌላዋ ለምግብ ቤት በዱቤ ያስረከበችው እንጀራ ነው፤ የሦስተኛዋ ለዘመድ ብላ የፈረመችው ዋስትና ነው። በሁሉም ዘንድ ቃል ተሰጥቷል። ጥያቄው ያ ቃል ዳኛ ፊት ሲቀርብ ምን ጉልበት አለው የሚለው ነው።

እኛ ጠበቆች አይደለንም። ከሕግ ባለሙያ ጋር ተቀምጠን ሕጉን አንብበናል፤ የገባንን በራሳችን አነጋገር ልናካፍላችሁ ነው። ዋናውን ነገር አስቀድመን እንናገር። በአገራችን ሕግ ቃል በራሱ ያስራል። «ወረቀት ከሌለ ውል የለም» የሚባለው ልክ አይደለም። ነገር ግን ሕጉ ያለ ወረቀት አልሰማም የሚልባቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ። እነዚያ ጥቂት ቦታዎች ደግሞ እኛ በየጊዜው የምንመላለስባቸው ናቸው፦ ብድር፣ ዋስትና፣ ቤት።

የአገራችን ሰው ለቃል ያለውን ክብር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» እየተባለ ያደግን ነን። አያቶቻችን ሲዋዋሉ ሽማግሌ ያስቀምጡ ነበር፤ ዋስ ይጠሩ ነበር፤ «ምኒልክ ይሙት» ብለው ይምሉ ነበር። ሽማግሌው፣ ዋሱና መሐላው ለምን አስፈለጉ? ተዋዋዮቹ ስለማይተማመኑ ብቻ አልነበረም፤ ዛሬ የተባለው ነገ እንዳይረሳና እንዳይካድ ነው። ዛሬ ወረቀትና ፊርማ የሚሠሩት ይህንኑ ሥራ ነው።

በአሁኑ ጊዜ ውልን የሚገዛው ዋናው ሕግ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። መንግሥታት ቢለዋወጡም የውል ክፍሉ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ነው። በቁጥር 1675 ላይ ውል ማለት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ንብረትን የሚመለከት ግዴታ ለመፍጠር፣ ለመለወጥ ወይም ለማስቀረት የሚያደርጉት ስምምነት እንደሆነ ይነግረናል።

ከዚህ ትርጉም ሁለት ነገር እንይዛለን። አንደኛ፣ ስምምነት ስለሆነ አንድ ሰው ብቻውን ውል አይሠራም። ሁለተኛ፣ ነገሩ ንብረትን የሚነካ መሆን አለበት። «እሑድ ቡና ልጠጣ እመጣለሁ» ያለች ጎረቤት ባትመጣ ታሳዝነናለች እንጂ አንከሳትም። «እሑድ ሃያ ኪሎ በርበሬ በዚህ ዋጋ አመጣልሻለሁ» ብላ እኛም «እሺ፣ አምጪ» ካልናት ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ላይ ውል ተወልዷል።

ሕጉ በቁጥር 1678 ለሚጸና ውል የሚጠይቃቸው ነገሮች ብዙ አይደሉም። ተዋዋዮቹ ለመዋዋል ችሎታ ያላቸው፣ ለምሳሌ ዕድሜያቸው 18 ዓመት የሞላ፣ መሆን አለባቸው፤ ፈቃዳቸውም እውነተኛ መሆን አለበት። የተዋዋሉበት ጉዳይ በሚገባ የታወቀ፣ የሚቻልና በሕግ ያልተከለከለ መሆን አለበት። ሕጉ የተለየ አሠራር ካዘዘ ደግሞ ያ አሠራር መፈጸም አለበት። ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሕጋችን «በምላሹ ምን ሰጠሽ?» ብሎ አይጠይቅም። በእንግሊዝ ሕግ ተራ የሆነ የቃል ተስፋ እንዲያስር በምላሹ አንድ ነገር መሰጠት አለበት። በእኛ ሕግ ግን ስጦታ እንኳ ውል ነው፤ ቁጥር 2427 የሚለው ይህንኑ ነው። ሰጪው ይሰጣል ወይም ለመስጠት ይገደዳል፤ ተቀባዩ ይቀበላል። ወደዚህ ነጥብ ስለ ደጋፊዎቻችን ስናነሣ እንመለሳለን።

ስምምነት እንዴት ይደረጋል? አንዱ ሐሳብ ያቀርባል፤ ሌላው ይቀበላል። ሕጉ በቁጥር 1681 እንደሚለው ይህ በቃል፣ በጽሑፍ፣ በተለመደ ምልክት ወይም ጥርጥር በማያስገባ ተግባር ሊሆን ይችላል። እንጀራ የሚጋግሩ አባሎቻችንን እንውሰድ። አንድ ምግብ ቤት በየማለዳው መቶ እንጀራ ይቀበላል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይከፍላል። ማንም ምንም አልጻፈም። ግን መረከቡና መክፈሉ ራሱ ይናገራል። አንድ ቅዳሜ ባለቤቱ «ውል የለንም» ቢል፣ ውል አላቸው። እንጀራ መሸጥ በጽሑፍ እንዲሆን ሕጉ አላዘዘም። ምስክር፣ የመረካከቢያ ደብተር፣ ቀድሞ የተከፈለበት የባንክ ዝርዝር ሁሉ ማስረጃ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ደብተሩን በየቀኑ ማስፈረም አትርሱ።

ሐሳብ ማቅረብና መቀበል መግጠም አለባቸው። ምግብ ቤቱ «በ20 ብር አምጪ» ቢል፣ እርሷም «በ22 ከሆነ እሺ» ብትል ገና አልተስማሙም። የእርሷ መልስ የፊተኛውን ሐሳብ አለመቀበል ሆኖ፣ አዲስ ሐሳብ ማቅረብ ነው። አሁን ተራው የምግብ ቤቱ ነው። «እሺ በ22» ካለ ውል ሆነ።

ዝም ማለትስ? ሕጉ በቁጥር 1682 ዝምታ መቀበል አይደለም ይላል። አንድ ነጋዴ አምስት ካርቶን ሳሙና በራችን ላይ አስቀምጦ «እስከ ሰኞ ካልመለሳችሁ ገዝታችኋል» ቢለን፣ ዝም በማለታችን አልገዛንም። ነገር ግን ሳሙናውን ከፍተን መሸጥ ከጀመርን ያ ዝምታ መሆኑ ቀርቶ ተግባር ሆኗል። ደግሞም ሁልጊዜ አብረን በምንሠራበት ግንኙነት ውስጥ ለቀረበ ሐሳብ ዝም ማለት እንደ መቀበል የሚቆጠርበት ሁኔታ በሕጉ አለ። ስለዚህ ካልፈለግን «አልፈለግንም» ማለት ይሻላል።

በባዛር ላይ ዕቃ ደርድሮ ዋጋ መለጠፍም ገና ሐሳብ ማቅረብ አይደለም፤ ቁጥር 1687 እንዲህ ይላል። ገዢዋ «ይህን ስጪኝ» ስትል ሐሳብ ያቀረበችው እርሷ ናት፤ እኛ «እሺ» ስንል ተቀበልን።

እንዲህ ተስማምተን በትክክል የተዋዋልነው ነገር ምን ይሆናል? ቁጥር 1731 የሚለው ለእኛ ከባዱ ቃል ነው፦ በሚገባ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው። በመንግሥት የወጣ ሕግ ሁሉንም ያስራል፤ ውል ደግሞ የተዋዋሉትን ሁለት ሰዎች ያስራል። አንዲት የቀበሌያችን ሴትና አንድ ነጋዴ ሲስማሙ ለሁለቱ ብቻ የሚሠራ ሕግ አወጡ ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በቃል ይሆናል አልን። አሁን ወደ ጥቂቶቹ ቦታዎች እንሂድ።

የመጀመሪያው ብድር ነው። ቁጥር 2472 እንደሚለው ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ተከሳሹ በፍርድ ቤት ካመነ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ መሐላ ካልሆነ በቀር ማስረዳት አይቻልም። ሕጉ በወጣበት ዘመን 500 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር። ዛሬ የአንድ ቀን የገበያ ወጪ እንኳ አይሸፍንም። ቁጥሩ ግን አልተለወጠም። ስለዚህ በመካከላችን የሚደረግ ብድር ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ ሥር ይወድቃል።

አንዲት አባላችን ስሟ ሳይጠቀስ እንድንናገረው ፈቅዳልናለች። ለሁለት ዓመት ያጠራቀመችውን 20,000 ብር ለጎረቤቷ አበደረች። ገንዘቡ የተቆጠረው ቡና ላይ ነው፤ ሦስት ሴቶች አይተዋል። መክፈያው ደርሶ ጎረቤቷ «ምንም አልወሰድኩም» አለች። ሦስቱም ሴቶች ሊመሰክሩ ፈቃደኞች ነበሩ። ዳኛው ግን ስለ ብድር ምስክር አልሰማም፤ ወረቀት አምጪ አሏት። ወረቀት አልነበረም፤ ተከሳሿም አላመነችም። ክሱ ወደቀ። ዳኛው ገንዘቡ አልተሰጠም አላሉም። ሕጉ በሚጠይቀው መንገድ አልተረጋገጠም ነው ያሉት። ለአባላችን ግን ውጤቱ ያው ነው። ገንዘቡ ብቻ አይደለም የሄደው፤ አራት ቤት የሚያገናኝ የቡና ማኅበርም ፈርሷል።

የዚህ ሕግ ሌላ ፊት አለ፤ ብዙ ሰው አያስበውም። የ500 ብሩ ደንብ ብድር ለመመለስም ይሠራል። ተበድራችሁ በወረቀት ፈርማችሁ፣ ስትመልሱ ግን ያለ ደረሰኝ በእጅ ከሰጣችሁ፣ ሁለተኛ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ስትከፍሉ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ወይም የፈረማችሁበትን ወረቀት አስመልሱ።

ሁለተኛው ዋስትና ነው። «ዋስ ሁኚኝ» መባል በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ እንቢ ማለትም ያሳፍራል። ሕጉ ግን ዋስን በጥንቃቄ ይጠብቃል። የዋስትና ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ቁጥር 1725 ያዝዛል። ዋስነት በግምት አይገኝም፤ በግልጽ መነገር አለበት። በቁጥር 1922 ደግሞ ዋሷ እስከ ስንት ብር ድረስ እንደምትጠየቅ በውሉ ላይ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። ስለዚህ የገንዘቡ ቦታ ባዶ የሆነ ወረቀት ቢቀርብላችሁ አትፈርሙ። ነገ ሌላ ሰው ሊሞላው ይችላል።

ዋስነቱም ሁለት ዓይነት ነው። ተራ ዋስ ከሆናችሁ «በመጀመሪያ የባለዕዳዋን ንብረት ፈልጉ» ብላችሁ መከራከር ትችላላችሁ። «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ቃል ካለበት ግን አበዳሪው ባለዕዳዋን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ እናንተ መምጣት ይችላል። በቡድን ዋስትና ከአነስተኛ ብድር ተቋም የምንበደር ሁላችን ይህችን ሐረግ በወረቀቱ ላይ ፈልገን እናንብብ።

ሦስተኛው ቤትና ሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረት ነው። በቁጥር 1723 መሠረት የዚህ ዓይነት ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ክፍል መመዝገብ አለበት። በተለምዶ «ውልና ማስረጃ» የምንለው ቢሮ ለዚህ ነው ያለው። ሽማግሌ ፊት ተፈርሞ፣ ቀብድ ተከፍሎ፣ ቁልፍ ተረክቦ እንኳ ነገሩ ሊፈርስ ይችላል። የመኖሪያ ቤት ኪራይም ቢሆን በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ታዟል።

ሕጉ በጽሑፍ ይሁን ያለው ውል ተዋዋዮቹ የፈረሙበት፣ ሁለት ምስክሮችም ያሉበት ሊሆን ይገባል። ለማንኛውም ሌላ ወረቀትም ቢሆን ሁለት ምስክር ማስፈረም አይጎዳም።

አሁን ለእናቶቻችን በተለይ የምንናገረው አለ። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ወይም ዓይነ ስውር የፈረመው ፊርማ ወይም ያደረገው የጣት አሻራ፣ አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ሥራውን የሚያከናውን ዳኛ ካላረጋገጠው አያስገድደውም፤ ቁጥር 1728 ነው። ይህ ሕግ ጋሻ ነው። አንድ ሰው ቤታችሁ መጥቶ «እማማ፣ እዚህ ላይ አውራ ጣትዎን ያሳርፉልኝ» ቢል፣ «ውልና ማስረጃ እንሂድ» በሉት። ግን ጋሻው በሁለት በኩል ይሠራል። እናንተ አበዳሪ ሆናችሁ ማንበብ ከማትችል ሴት አሻራ ብትቀበሉም ያ ወረቀት ሳይረጋገጥ አይጠቅማችሁም።

ባለትዳሮች ደግሞ ሌላ ሕግ አለን። በ1952ቱ ሕግ የቤቱ አስተዳዳሪ ባል ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣውና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ለውጦ የጋራ ንብረትን ሁለቱም እኩል እንዲያስተዳድሩ አደረገ፤ ክልሎችም የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። በፌዴራሉ ሕግ አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ ቤትን ለመሸጥ፣ ለማከራየት ወይም በመያዣ ለመስጠት፣ ከ500 ብር በላይ ለመበደር ወይም ለማበደር፣ ለዚህን ያህል ዕዳም ዋስ ለመሆን የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ባል ሳያማክር ቤቱን ቢሸጥ ሚስት ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤትን መጠየቅ ትችላለች። ጊዜው ግን አጭር ነው፦ ካወቀችበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር፣ ቢዘገይ ደግሞ ውሉ ከተደረገ ሁለት ዓመት። እኛም ሳናማክር ብንፈርም ባልም ይህንኑ መብት አለው። ስለዚህ ትልቅ ገንዘብ ስታበድሩ የሁለቱንም ባለትዳሮች ፊርማ ተቀበሉ።

ወረቀት ካለ ሁሉም ነገር ያልቃል ማለት አይደለም። ፈቃዱ እውነተኛ መሆን አለበት ብለናል። በማታለል፣ በማስፈራራት ወይም በመሠረታዊ ስሕተት የተገኘ ፈቃድ ውሉን ያስፈርሳል። ዋጋው ለአንዱ ስለተመቸ ብቻ ውል አይፈርስም፤ በርካሽ መሸጥ በራሱ ምክንያት አይሆንም። ነገር ግን አንዱ የሌላውን ችግር፣ የዋህነት፣ እርጅና ወይም የንግድ ልምድ ማጣት መጠቀሚያ አድርጎ ያዋዋለው እንደሆነ፣ ፍትሕ ሲጠይቅ ዳኛ ሊያፈርሰው እንደሚችል ቁጥር 1710 ይናገራል። ይህም ውሉ ከተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ መጠየቅ አለበት።

የጽሑፍ ውል በፈረሙት መካከል ስለ ይዘቱና ስለ ቀኑ ትልቅ ማስረጃ ነው። ስለዚህ ያልተቀበላችሁትን ገንዘብ እንደተቀበላችሁ አድርጋችሁ አትፈርሙ። አንዳንድ አራጣ አበዳሪ 25,000 ብር ሰጥቶ 35,000 ብር ያስፈርማል፤ ወለዱ ዋናው ውስጥ ተደብቋል። በኋላ «የተቀበልኩት 25,000 ነው» ማለት እጅግ ከባድ ነው።

ውል ሲፈርስ ወይም ሳይፈጸም ሲቀር ወዲያው ወደ ክስ አይኬድም። በመሠረቱ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል፤ «እስከዚህ ቀን ፈጽሚ» የሚል በጽሑፍ ይሁን፤ ግልባጩንም ያዙ። ምክር ለሚያስፈልገው የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና በዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ያሉ የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት በራቸው ክፍት ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ጓደኛዬን እንዴት ፈርሚልኝ እላታለሁ? ትቀየመኛለች» ትላላችሁ። ይህን ብዙ ተወያይተንበታል። ያየነው የዚህ ተቃራኒ ነው። በወረቀት ያበደሩት አባሎቻችን ከተበደሩት ጋር ዛሬም ቡና ይጠጣሉ። የተጣሉት ያልጻፉት ናቸው። ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚከፈል በወረቀት ካለ አንዷ ረሳሁ፣ አንዷ አበዛሽብኝ አትልም። ሰው ይታመማል፤ ይሞታል፤ ልጆች ይተካሉ። ልጆች እናታቸው በቃል የተናገረችውን አያውቁም፤ የጻፈችውን ግን ያነብባሉ።

ወደ ደጋፊዎቻችን እንመለስ። ስጦታ ውል ነው ብለናል። ስትሰጡን የምንፈርምላችሁ ወረቀት ለቢሮ ሥርዓት ብቻ አይደለም። «ይህ ገንዘብ ለልብስ ስፌት መኪና ነው» ብላችሁ ስትሰጡና እኛ ስንቀበል ግዴታ ገብተናል። ለሌላ ነገር ማዋል ካስፈለገን አስቀድመን ልንጠይቃችሁ ይገባል። እናንተም በዝግጅት ላይ ቃል የገባችሁትን፣ ምን ያህልና መቼ እንደሆነ በአንዲት ወረቀት ብታስቀምጡልን፣ አባላቱ ያንን ተስፋ አድርገው ቀብድ ሲከፍሉ አይጎዱም።

ስለዚህ ኮሚቴው ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ አንዲት ገጽ የብድር ቅጽ ለአባላት በነጻ ይሰጣል። በቅጹ ላይ የሚሞላው ይህ ነው፦ የሁለቱ ሙሉ ስምና አድራሻ፤ የገንዘቡ መጠን በአኃዝና በፊደል፤ የተሰጠበት ቀን፤ የሚመለስበት ቀን፤ ወለድ ካለ ስንት እንደሆነ፤ የባለትዳር ፊርማ፤ የሁለት ምስክሮች ስምና ፊርማ፤ ከታች ደግሞ ገንዘቡ ሲመለስ የሚፈረምበት ቦታ። በሁለት ቅጂ ይሠራል፤ አንዱ ለአበዳሪ፣ አንዱ ለተበዳሪ። ማንበብ የማይችሉ እናቶቻችንን ወደ ውልና ማስረጃ ይዘን የምንሄደው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። ትራንስፖርቱን ማኅበሩ ይችላል።

ቅጹን መውሰድ የምትፈልጉ ስማችሁን በመውጫው ላይ ለጸሐፊያችን አስመዝግቡ።